በሰው ባሕር ላይ የትኛው ባንዲራ ይሰቀላል?

ከማርቲኒክ ደሴት በጠዋት የተነሣ የሸራ ጀልባ፣ ነፋሱ ከቀናው፣ ገና ሳይመሽ ሴንት ሉሺያ ይደርሳል። ጠዋት በምሰሶው ላይ የነበረው የፈረንሳይ ባንዲራ ነው፤ ማርቲኒክ የፈረንሳይ ግዛት ናትና። ደርሶ መልሕቅ ጥሎ የመግቢያ ፈቃዱን ሲጨርስ ግን በዚያው ቦታ የሴንት ሉሺያ ሰማያዊ ባንዲራ መውጣት አለበት። ጉዞው ወደ ደቡብ ከቀጠለ ሴንት ቪንሰንትና ግሬናዲንስ ይመጣል፤ ከእሱ ቀጥሎ ግሬናዳ። በካሪቢያን ባሕር ምሥራቃዊ ጠርዝ ደሴቶቹ እንዲህ ተደርድረው ስለሚገኙ፣ ለአጭር ሽርሽር የወጣ ሰው አራት አገር ገብቶ አራት ባንዲራ ይቀያይራል። ባንዲራዎቹ ትንንሽ ስለሆኑ ከርቀት የጀልባ ማስጌጫ ይመስላሉ። ማስጌጫ ግን አይደሉም።

ይህ የአክብሮት ባንዲራ ነው። አንድ የውጭ አገር ጀልባ ወይም መርከብ የሌላ አገር ባሕር ሲገባ የሚሰቅለው የአስተናጋጁ አገር ባንዲራ ማለት ነው። መልእክቱ ሁለት ነው። አንደኛው ሰላምታ ነው። ሁለተኛው ከሰላምታ ጠንከር ይላል፦ «ያለሁት በእናንተ ግዛት ነው፤ ሕጋችሁን አከብራለሁ» ይላል። ሰው ቤት የመጣ እንግዳ ደጃፍ ላይ ሰላም ሳይል ዘው እንደማይለው ሁሉ ጀልባም ዝም ብሎ አይገባም።

በዓለም አቀፉ የባሕር ሕግ ስምምነት ውስጥ የአክብሮት ባንዲራ ስቀሉ የሚል አንቀጽ የለም። ነገሩ የመርከበኞች የቆየ ልማድ ነው። ልማድ ነው ተብሎ ግን አይናቅም። በራሳቸው ሕግ ግዴታ ያደረጉት አገሮች አሉ፤ ባንዲራ ሳይሰቅል የመጣ ወይም ቀለሙ የለቀቀና የተተለተለ ጨርቅ የሰቀለ ካፒቴን የሚቀጣባቸው ወደቦችም አሉ። ቅጣት በሌለበትም ቢሆን የወደቡ ሠራተኛ ያያል፤ የአገሩ ዓሣ አጥማጅም ያያል። የአገሩን ባንዲራ በሰው ጀልባ ላይ ተቀዳዶ ያየ ሰው ምን እንደሚሰማው ለማወቅ የራስን አገር ባንዲራ በዚያ ሁኔታ ማሰብ ይበቃል።

ለጀማሪ ግራ የሚያጋባው በአንድ ጀልባ ላይ ከአንድ በላይ ባንዲራ መኖሩ ነው። ከኋላ ጫፍ በዘንግ ላይ የሚውለበለበው ትልቁ ባንዲራ ጀልባው የተመዘገበበት አገር ባንዲራ ሲሆን፣ የጀልባውን ዜግነት ይናገራል። የባለቤቱን ፓስፖርት አይከተልም። ስቶክሆልም የሚኖር ኢትዮጵያዊ ጀልባውን በስዊድን ካስመዘገበ ከኋላ የሚሰቅለው የስዊድንን ነው። በአሜሪካ የሚኖሩ አንባቢዎች ደግሞ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ እዚያ ብዙ የመዝናኛ ጀልባዎች 13 ኮከብና መልሕቅ ያለበትን የጀልባ ባንዲራ ይሰቅላሉ። ይህ ለአገር ውስጥ ነው። ከአሜሪካ ባሕር ሲወጡ በቦታው የሚሰቀለው 50 ኮከብ ያለው ብሔራዊ ባንዲራ ነው።

ከአክብሮት ባንዲራው ቀድሞ የሚወጣ ሌላም አለ፤ እሱም ምንም ምልክት የሌለበት ቢጫ ባንዲራ ነው። በድሮ ዘመን ቢጫ ባንዲራ የኳራንቲን ምልክት ስለነበር ያየው ሁሉ ይሸሸው ነበር። ዛሬ በዓለም አቀፉ የመርከቦች የምልክት መጽሐፍ ውስጥ ያለው ትርጉም የተገላቢጦሽ ነው፦ «ጀልባዬ ከበሽታ ነጻ ነው፤ የመግቢያ ፈቃድ እጠይቃለሁ» ማለት ሆኗል። አንድ ጀልባ ከውጭ መጥቶ የአንድን አገር የግዛት ባሕር ሲያቋርጥ ቢጫውን ይሰቅላል። የግዛት ባሕር ብዙውን ጊዜ ከባሕር ዳርቻው እስከ 12 የባሕር ማይል፣ ማለትም ወደ 22 ኪሎ ሜትር ይዘልቃል። ጀልባው ወደብ ከደረሰ በኋላ እንደ ልማዱ ካፒቴኑ ብቻ የሁሉንም ፓስፖርትና የጀልባውን ሰነድ ይዞ ይወርዳል፤ ሌሎቹ ጀልባው ላይ ይቆያሉ። የኢሚግሬሽንና የጉምሩክ ጉዳይ ሲያልቅ ቢጫው ይወርድና የአክብሮት ባንዲራው ይወጣል። ገና የግዛት ባሕር ሲገቡ ሁለቱንም አብሮ መስቀል የተለመደባቸው አገሮችም ስላሉ የቦታውን ልማድ አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል። በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ከአገር ወደ አገር ሲሻገሩ ቢጫው በአብዛኛው አያስፈልግም፤ የአክብሮት ባንዲራው ግን ያው ይቀየራል። ብሪታንያ ከኅብረቱ ከወጣች ወዲህ፣ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ከፈረንሳይ ወይም ከኔዘርላንድ የሚመጣ ጀልባም ቢጫውን ሰቅሎ እንዲገባ ትጠይቃለች።

ቦታውን በሚመለከት ደንቡ አንድና ግልጽ ነው። በመርከበኞች ሥርዓት ቀኝ የክብር ጎን ነው። የሸራ ጀልባ ምሰሶ መሃሉ ላይ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የተዘረጋ አግዳሚ ብረት አለው፤ የምሰሶውን ደጋፊ ገመዶች ለይቶ የሚይዘው እሱ ነው። በቀኝ በኩል ካለው አግዳሚ ሥር ትንሽ መዘውር ተንጠልጥላ ቀጭን ገመድ በውስጧ ያልፋል፤ የአክብሮት ባንዲራው የሚወጣው በዚህ ገመድ ነው። ቀኝና ግራ የሚባለው ወደ ጀልባው ፊት ዞሮ ለቆመ ሰው ነው። ጀልባው ሁለት ምሰሶ ካለው የፊተኛው ምሰሶ ይመረጣል። ምሰሶ የሌለው የሞተር ጀልባ ደግሞ በፊት ጫፉ ባለው ዘንግ ላይ ይሰቅላል። በአንድ ገመድ ላይ ከአክብሮት ባንዲራው በላይ ምንም ሌላ ባንዲራ አይወጣም፤ የክለብ ባንዲራም ቢሆን፣ የጀልባ አከራዩ ድርጅት ምልክትም ቢሆን። እነዚህ በግራው አግዳሚ ይንጠልጠሉ።

ስለ አሰቃቀሉ ትንሽ ላብራራ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ደህና ተደርጎ የተሠራ የጀልባ ባንዲራ በምሰሶ በኩል ባለው ጠርዙ ውስጥ ጠንካራ ገመድ ተሰፍቶበታል፤ ከላይኛው ጫፍ ትንሽ የእንጨት መቆለፊያ፣ ከታችኛው ደግሞ የገመድ ቀለበት ወይም ጭራ ይወጣለታል። መቆለፊያው ያለበት ጫፍ ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው። የባንዲራውን መልክ በደንብ የማያውቅ ሰው እንኳ ይህን ካየ ዘቅዝቆ አይሰቅልም። ከዚያ ገመዱ እስከ መዘውሯ ድረስ ተስቦ፣ ላልቶ እንዳይረግብ ከታች ጠበቅ ተደርጎ ይታሰራል። እላይ ሳይደርስ ቀርቶ መሃል ላይ የተንጠለጠለ ባንዲራ በየትኛውም ወደብ የሐዘን ምልክት ነውና፣ የአገሩ ሰው ማን ሞተ ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። አገሩ በእውነት ሐዘን ላይ ከሆነ ግን በወደቡ ያሉት ሌሎች መርከቦች የሚያደርጉትን አይቶ መከተል ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ፤ የትኛው ባንዲራ ነው ትክክለኛው? ብዙ ሰው የዚያ አገር ብሔራዊ ባንዲራ ነዋ ይላል። በአብዛኞቹ አገሮች ልክ ነው። ሆኖም ለባሕር የተለየ ባንዲራ ያላቸው አገሮች ጥቂት አይደሉም። መርሁ ይህ ነው፦ የዚያ አገር የግል ጀልባ ራሱ ከኋላው የሚሰቅለውን ባንዲራ አንተም በአክብሮት ባንዲራነት ስቀል።

በብሪታንያ ይህ ባንዲራ ሜዳው ቀይ ሆኖ በላይኛው ማዕዘን ዩኒየን ጃክ የሚባለው ብሔራዊ ባንዲራ ያለበት ነው። ዩኒየን ጃክ ብቻውን በባሕር ላይ የጦር መርከብ ምልክት ነው፤ የብሪታንያ የግል ጀልባ ራሱ ያለ ፈቃድ ቢሰቅለው በሕግ ይጠየቅበታል። ስለዚህ ለንደን ካለ የቱሪስት ሱቅ የተገዛው ባንዲራ ለባሕር አይሆንም። ባሃማስም እንደዚሁ ነው። በምድር ላይ የምናውቀው ጥቁር ሦስት ማዕዘን ያለበት ባንዲራ በባሕር ላይ ነጭ መስቀል ባለበት ቀይ ሜዳ ማዕዘን ገብቶ ይታያል። ማልታም ለንግድ መርከቦቿና ለግል ጀልባዎቿ ከብሔራዊው የተለየ፣ በነጭ የተከበበ ቀይ ባንዲራ ከማልታ መስቀል ጋር አላት። በስፔን ነገሩ ቀለል ይላል፤ የመንግሥት አርማ ያለበትን ትቶ አርማ የሌለውን ቀይና ቢጫ መስቀል ነው። በዴንማርክ ጫፉ ለሁለት የተሰነጠቀው ባንዲራ የመንግሥት ስለሆነ እንግዳ ጀልባ የሚሰቅለው ጫፉ ቀጥ ያለውን ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የጣልያን ነው። የጣልያን የባሕር ባንዲራ በመሃሉ የአራት ጥንታዊ የባሕር ከተሞችን፣ የቬኒስን፣ የጄኖዋን፣ የአማልፊንና የፒሳን ምልክቶች የያዘ ጋሻ አለበት። ከ1947 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው። የቬኒስ ምልክት ክንፍ ያለው የማርቆስ አንበሳ መሆኑን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል። በባሕር ኃይሉ ባንዲራ ላይ ይህ አንበሳ ሰይፍ ይዟል፤ በንግድ መርከቦችና በግል ጀልባዎች ባንዲራ ላይ ደግሞ ወንጌል ይዟል። ሁለቱ ባንዲራዎች ከሩቅ አንድ ዓይነት ናቸው። ሰይፍ ያለበትን ገዝቶ የሰቀለ ሰላማዊ ጀልባ ሳያውቅ የጦር መርከብ ምልክት ሰቅሏል ማለት ነው። ስለዚህ ጣልያን የሚሄድ ሰው ከመግዛቱ በፊት የአንበሳውን እጅ ይመልከት።

የሳዑዲ ዓረቢያ ባንዲራ ከሁሉም የሚበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በላዩ የእስልምና የእምነት ቃል፣ ሸሃዳ፣ ተጽፎበታል፤ ጽሑፉ ከሁለቱም በኩል በትክክል እንዲነበብ ሁለት ጨርቅ ተደርቦ ይሠራል። ለሐዘን እንኳ ዝቅ ተደርጎ አይውለበለብም። በአንድ በኩል ብቻ የታተመ ርካሽ ጨርቅ በሌላው በኩል ቃሉን ገልብጦ ያሳያልና መግዛት አይገባም። ወለል ላይ መጣል፣ ዕቃ መጠቅለል፣ እጅ መጥረግ ለማንኛውም ባንዲራ ነውር ነው፤ ለዚህኛው ግን የእምነት ጉዳይ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል።

መዘቅዘቅም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። ነጩ ከላይ፣ ቀዩ ከታች የሆነው የፖላንድ ነው፤ ገልብጠው ቢሰቅሉት ኢንዶኔዥያ ወይም ሞናኮ ይሆናል። እነዚህ ሁለቱ በቀለም አንድ ናቸው፤ የሚለዩት በስፋታቸው ብቻ ሲሆን የሞናኮው ወደ ካሬ ይቀርባል። ፊሊፒንስ ውስጥ ደግሞ ባንዲራው በሰላም ጊዜ ሰማያዊው፣ በጦርነት ጊዜ ቀዩ ወደ ላይ እንዲሆን በሕግ ተደንግጓል። ስለዚህ ፊሊፒንስ ወደብ ገብቶ ባንዲራውን የዘቀዘቀ ጀልባ ጦርነት ላይ ነን እያለ ነው። ወደ ካሪቢያን ስንመለስ የሴንት ቪንሰንትና ግሬናዲንስ ባንዲራ ቀለሞቹ ከግራ ወደ ቀኝ የተደረደሩ በመሆናቸው ላይና ታቹ በቀለም አይታወቅም። በመሃሉ ያሉትን ሦስት አረንጓዴ የአልማዝ ቅርጾች ማየት ያስፈልጋል፤ ሁለቱ ከላይ፣ አንዱ ከታች ይሆናሉ። የሴንት ሉሺያው ሦስት ማዕዘን የደሴቲቱን ሁለት ሹል ተራሮች የሚወክል ስለሆነ ጫፉ ወደ ሰማይ ነው። የግሬናዳው ደግሞ በቀይ፣ በቢጫና በአረንጓዴ፣ የእኛ ዓይን በለመዳቸው ቀለሞች የተሠራ ነው፤ የገውዝ ፍሬው ሥዕል በምሰሶው በኩል ይሁን።

የግዛት ጉዳይም ጥያቄ ያስነሣል። በማርቲኒክና በጓዴሎፕ የሚሰቀለው የፈረንሳይ ባንዲራ ነው። የሴንት ማርቲን ደሴት ግን ለሁለት የተከፈለች ናት፤ ሰሜኑ የፈረንሳይ፣ ደቡቡ በኔዘርላንድ መንግሥት ሥር ያለ የራሱ ባንዲራ ያለው አገር ነው። በመካከላቸው ባለው የሲምፕሰን ቤይ ሐይቅ ላይ ጀልባ ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ሲሻገር ባንዲራ ይቀይራል። የክልል ባንዲራዎችስ? በብሪታኒ፣ በኮርሲካ ወይም በካታሎኒያ የአካባቢውን ባንዲራ መስቀል ሕዝቡን ደስ ያሰኛል፤ በብሔራዊው ምትክ ሳይሆን ከሥሩ ይሁን። ፖለቲካው ከበድ የሚልበት ቦታ ላይ ደግሞ ከፍ ያለ ጥንቃቄ ያሻል። ቆጵሮስ ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰሜን ያሉትን ወደቦች ዝግ ናቸው ትላለች። ከዚያ መጥቶ የሰሜኑን ባንዲራ ሳያወርድ ደቡብ የገባ ጀልባ የባንዲራ ሳይሆን የመንግሥት ጉዳይ ውስጥ ገብቷል።

ባንዲራዎች ይለወጣሉም። ሊቢያ በ2011፣ ምያንማር በ2010፣ ሞሪታኒያ በ2017 እ.ኤ.አ. ቀይረዋል። ሞሪታኒያ ከላይና ከታች ቀይ መስመር ጨምራለች። የሊቢያው ከሁሉ ይከብዳል፤ የቀድሞው ሙሉ አረንጓዴ ጨርቅ የተወገደ መንግሥት ምልክት ነው። አሮጌ ክምችት የሚሸጥ ሱቅ ይህን አይነግርም።

መጠንን በሚመለከት በአሜሪካ ጀልባ ነጂዎች ዘንድ የተለመደ ስሌት አለ፤ በእኛ ልኬት ሲሰላ ለእያንዳንዱ የምሰሶ ሜትር 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ይሆናል። ምሰሶው ከውኃው በላይ 15 ሜትር ከሆነ ባንዲራው 60 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይደርሳል። በሱቅ በብዛት የሚገኘው ግን 30 በ45 ሴንቲ ሜትሩ ነው፤ ለትንሽ ጀልባ ይበቃል። ከመጠኑ ይልቅ ለጨርቁ አስባለሁ። ባንዲራን የሚገድሉት ፀሐይና ነፋስ ናቸው። ስስ ጨርቅ ላይ የታተመው ለጥቂት ቀን ቆይታ ይሆናል፤ ወራት ለሚቆዩበት አገር ግን ተሰፍቶ የተሠራ ጠንካራ ፖሊስተር ይሻላል። መጀመሪያ የሚተለተለው ነፋሱ የሚያርገበግበው ጫፍ ስለሆነ እዚያ ጋ ስፌቱ ድርብ ይሁን። በሥርዓቱ ባንዲራ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ወጥቶ ፀሐይ ስትጠልቅ ይወርዳል። ብዙዎች የአክብሮት ባንዲራውን ሌት ተቀን ይተዉታል፤ ማታ ማታ የሚያወርድ ግን ባንዲራውን ያቆየዋል። አንዳንድ መንገደኞች በጀልባቸው ላይ የስፌት መኪና ይዘው ራሳቸው ይሰፋሉ። የፈረንሳይን ወይም የጃፓንን መስፋት ቀላል ነው። በዶሚኒካ ባንዲራ ላይ ያለውን በቀቀን ለመስፋት የሚነሣ ግን ችሎታውን ይወቅ፤ አርማ ያለበትን መግዛት ይሻላል ባይ ነኝ።

ይህ ሁሉ ለመዝናኛ ጀልባ ብቻ የሚሠራ አይደለም፤ ትልልቅ የንግድ መርከቦችም ይከተሉታል። በዚህ በኩል ጉዳዩ ለእኛም ቅርብ ነው። ኢትዮጵያ ወደብ ባይኖራትም መርከቦቿ ባንዲራዋን ይዘው ባሕር ላይ ይሄዳሉ። ወደብ የሌላቸው አገሮች ይህ መብት እንዳላቸው በ1921 እ.ኤ.አ. በባርሴሎና መግለጫ ታውቋል፤ የ1982ቱ የባሕር ሕግ ስምምነትም በአንቀጽ 90 ደግሞታል። የኢትዮጵያ መርከብ ጅቡቲ ሲገባ ከኋላው አረንጓዴ ቢጫ ቀዩ፣ በምሰሶው ላይ ደግሞ የጅቡቲ ባንዲራ ይውለበለባል። በባሕር ዳር ከተማ ሠልጥነው በየባሕሩ የሚሠሩ ልጆቻችንም ይህን ሥርዓት በየወደቡ ይኖሩታል።

ታዲያ በውጭ አገር ጀልባ ተከራይቶ ከዘመድ ጋር ለሽርሽር የወጣ ሰው የኢትዮጵያን ባንዲራ መስቀል ቢፈልግስ? ይችላል። የተሳፋሪዎችን አገር ባንዲራ በግራው አግዳሚ ማንጠልጠል በብዙ ቦታ የተለመደ ነው። ንጹሕና ያልተቀደደ ይሁን፤ መጠኑም ከአስተናጋጁ አገር ባንዲራ አይብለጥ። ጀልባውን ስትረከቡ ደግሞ የአክብሮት ባንዲራው የት እንዳለ አከራዩን ጠይቁ፤ አውጥታችሁ ዘርግታችሁ እዩት፤ ከተተለተለ ሌላ እንዲሰጣችሁ ሳትጠይቁ ከወደብ አትውጡ። ቀኙን ጎን ለባለ አገሩ ተዉለት።